ቅጽ አሥራ ዘጠኝ

ሬሆቮት፣ ከመሬት በታች፣ መጽሔቶች ከሚያረጁበት፣
መብራቱ ስንቀሳቀስ የሚበራ፣ ቆም ስል የሚጠፋበት፤
ላነብ ብዬ ስቆም ጨለማው ይመጣብኛል፣
ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጄን ሳወናጭፍ ብርሃን ይመለስልኛል።

ሥራዬ ቀላል ነው፤ የድሮ የሳይንስ መጽሔት፣
በጨርቅ የተጠረዘ፣ የወርቅ ቁጥር ያለበት፣
ከመደርደሪያው ማውረድ፣ በካርቶን ማሸግ፣
በዝርዝሩ ላይ ምልክት ማድረግ።
«ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል» ትላለች አለቃዬ ጺፖራ፣
«ወረቀቱ ቦታ ያዘ፤ ቦታው ይፈለጋል ለሌላ ሥራ።»

እሺ ብዬ ሳወርድ ከረምኩ፤ አንድ ሌሊት ግን እጄ ላይ
ተከፈተ አንዱ ጥራዝ፣ ስለ ብርቱካን ተባይ።
ዶክተር ፍሪድል ላንዳወር ትባላለች ጸሐፊዋ፣
ከብርቱካኑ እርሻ ማዶ ነበረች ደሳሳ መሥሪያዋ፤
በቅጠል ጀርባ የተለጠፈች፣
ከሰሊጥ ያነሰች ተባይ አይታ፣ ቆጥራ፣ ሥላ፣
«አንድ ዘር ናት» ብላ ፈረመች።

ከእስክንድርያ አንድ ሰው፣ ነጂብ ሻሩቢም የሚሉት፣
«እመቤቴ፣ ሁለት ናቸው፤ እግራቸውን ደግመው ይቁጠሩት»
ሲል መለሰ በሚቀጥለው እትም።

ከዚያ ድንበሩ ተዘጋ። ባቡሩ ቆመ፣ ፖስታው ቆመ፣
ስንቱ በስንቱ ላይ ዘመተ፣ ስንቱ በስንቱ ላይ አደመ።
መጽሔቱ ግን የሚታተመው ኔፕልስ ነው፣ በሦስተኛ አገር፤
በበር ያልገባው ነገር ገባ በግርጌ ማስታወሻ በኩል፣ እንደ ነፍሳት እግር።
እሷ ለእሱ ብትጽፍ የሚያደርስላት አልነበረም፤
ለመጽሔቱ ስትጽፍ ግን የሚያስቆማት አልነበረም።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሳይተያዩ፣ እጅ ሳይነሳሱ፣
በቁጥርና በሰንጠረዥ ተወቃቀሱ።
ሦስተኛ ሰው ገባ ከቫሌንሲያ፣ አራተኛ ከቆጵሮስ፣
የየራሱን ቅጠል ይዞ፣ አንዱን ሊያፈርስ አንዱን ሊያድስ፤
እኛ አገር የመጽሐፍ መምህራን ቃሉን ሲፈቱት፣
አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ፣ ፊተኛውን ሳይሰርዙት።
አገር ማለት ይህም ነው ወይ? አልኩ፤ ወሰን የሌለው፣
በአንዲት ተባይ እግር ዙሪያ በዓመት አራት ጊዜ የሚሰበሰበው?

አባቴ አምቦበር ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻው ቶሎ አይዶለዱም፣
የጋለውን ብረት መቼ ውሃ እንደሚያጠጣው ግን ለማንም አልነገረም።
ቡዳ ነው ሲሉት ጊዜ ምስጢሩን ጋሻ አደረገው፤
ጋሻውም አብሮት ወረደ፤ ለእኔም አላስረከበው።
እነዚህ ግን የሚያውቁትን ፀሐይ ላይ አሰጡት፣
ወፍ እንደሚለቅመው እያወቁ፣ ከነስማቸው ተዉት።

ልጄም ትጽፋለች ዛሬ፣ እዚሁ ግቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ጽሑፏን ሁለት ጊዜ መለሱባት።
«ገምጋሚ ሁለት» ትለዋለች፤ ስምም ፊትም የለው፤
እራት ላይ ስትረግመው ሰምቼ «ልክ አይደለም ወይ?» አልኳት።
ዝም አለች። ሹካዋን አስቀመጠች።
«ልክ ነው።»

ቅጽ አሥራ ዘጠኝ፣ የመጨረሻው ገጽ፣ ከማዳበሪያ ማስታወቂያ በታች፣
በደቃቅ ፊደል፣ «እርማት» የምትል ርዕስ አለች፦
«አቶ ሻሩቢም ልክ ነበሩ። ሁለት ናቸው። ፍ. ላ.»
ሌላ ምንም የለም።
ቅጽ ሃያ ላይ የእሱ ስም አልወጣም፤
አይቶት ይሆን? መጽሔቱ አይልም።

የቅጽ አሥራ አንድ ቦታ ባዶ ነው፤ የጦርነቱ ዓመት፤
አንድ የድሮ ሠራተኛ፣ በእርሳስ፣ «አልደረሰም» ብሎ ካርድ አቁሞበት።
ካርዱ ዛሬም ይጠብቃል።

ሲነጋ ጺፖራ ወረደች፣ ካርቶኖቹን ቆጠረች፤
«አሥራ ዘጠኝስ?» አለች።
ሁለታችንም ቆምን። መብራቱ ጠፋ።
እጄን አላወናጨፍኩም።
የቦርሳዬ ማንገቻ ትከሻዬን እየቆረጠኝ፣
«አልደረሰም» አልኳት።